ውርጭ የቀረበት በጋ

ይሄ ጥር 2016 መጨረሻ ላይ እዚህ ሱሉልታ፣ የወጣት ማእከሉ አዳራሽ ውስጥ ያወራሁት ነው። ከዛ በኋላ "ጻፈውና እናንብበው" ያሉኝ ሰዎች በዙብኝ፣ አንድ ተማሪዬ በስልኩ ቀድቶት ስለነበር እሱን እየሰማሁ ገለበጥኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደሞ ያኔ የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ። አነጋገሩን ግን አላረምኩትም፣ እንደወጣ ነው።

እንደምን አመሻችሁ። ኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ባዶ ነው። 27 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ወዶ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አላየሁም፣ ዛሬ ደሞ ወላጆቻቸውም እንደዛው ሆናችሁ አገኘኋችሁ።

በስልክ ወሬ ልጀምር። ሚኒሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ ታህሳስ ላይ ደወለና "ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?" አለኝ። ክረምቱ? እኛ እኮ ክረምትን ከሸኘን ቆየን፣ ድርቆሽ ታጭዷል፣ ገብስ ተወቅቷል፣ ምን አይነት ክረምት ነው የሚለኝ ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ዊንተር ማለቱ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም የኛ የመምህራኑ ነው፣ ዊንተር ማለት ክረምት፣ ሰመር ማለት በጋ እያልን ለስንት ትውልድ ሰሌዳ ላይ ጽፈናል። የሱ ዊንተር በረዶ በአካፋ የሚዛቅበት ነው፣ የኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፣ የኛ የእውነት ብርድ ያለው ግን በጋ ውስጥ ነው፣ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል ሌሊት ጣት ይቆፍናል። ጥቅምት ላይ ይጀምራል፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለውም ለዚሁ ነው (ወጣቶቹ አጥንቱን ወዴት እንደወሰዱት አውቃለሁ፣ አትሳቁ)፣ ከዛ ህዳርና ታህሳስ ላይ ይጠናል፣ ጥር ሲያልቅ ይለቀናል።

ዘንድሮ ግን ያ ብርድ ቀረ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለቴ አይደለም፣ ጋቢ ደርበናል፣ ግን ውርጭ አልመጣም።

እንዴት አወቅህ ለምትሉኝ፣ እኔ ቤት አንድ አሮጌ የእናሜል ሳህን አለች፣ ጠርዟ የተላጠ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ውሃ አድርጌባት ጓሮ ሳሩ ላይ አስቀምጣታለሁ። ጠዋት ስነሳ ፊቷ ላይ ስስ በረዶ ካለ፣ እንደ ላስቲክ ስስ የሆነ፣ በጣት ስትነካው ቀጭ የሚል፣ ካላንደር ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ የጡረታ በሽታ ነው ትል ነበር፣ አሁን እሷም ቀድማ ወጥታ ታያለች። ባለፉት ዓመታት ህዳርና ታህሳስ ላይ ነጥቦቹ እንደ ጤፍ የተበተኑ ናቸው። ዘንድሮ ካላንደሩ ንጹህ ነው። አንድ ቀን ብቻ ውሃው ጎድሎ አገኘሁት፣ እሱንም የጎረቤት ውሻ ጠጥቶት ነው።

አሁን ትንሽ ክላስ ላስገባችሁ። ብዙ ሰው ብርዱ የሚመጣው ፀሐይ ስለራቀች ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው፣ መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና አካባቢ ነው፣ ዘንድሮ ከገና አራት ቀን በፊት ነበር። የቀኑ ማጠርም ቢሆን እኛ ጋ ያን ያህል አይደለም፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፣ በዓመቱ አጭሩ ቀንና ረጅሙ ቀን ቢወዳደሩ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአክስቴ ልጅ ሀገር ያለው ብርድ በፀሐይ ነው የሚመጣው፣ የኛው ግን በሰማይ ጥራት ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ መልሳ ትለቀዋለች፣ ደመና ካለ ይይዘውና መልሶ ይሰጣታል፣ ደመና ጋቢ ነው በሉት፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከቡ ሲቆጠር ግን ጋቢው ተገፈፈ ማለት ነው፣ አየሩም ደረቅ ከሆነ ነፋስም ከሌለ ሙቀቱ እንዳለ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ እየዋልን ሌሊቱ ግን ከታህሳስ ሌሊት የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ሱሉልታ ላይ ደሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ከእንጦጦ ጀርባና ከዙሪያው ጋራ ሁሉ ሌሊት እየተንሸራተተ የሚወርደው ብርድ የሚያርፈው እኛ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ቀላል ምልክት ልስጣችሁ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሁሉ በጋ ላይ ብርድ ይተኛበታል። ለዚህ ነው ዳገቱ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ ሜዳው ላይ ያለው እንደ ፈላ ውሃ የተደፋበት ጠቁሮ የሚያድረው። ከፍ ያለ ቦታ ሁሌ ይበርዳል የሚለው ህግ፣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የምንለው፣ በውርጭ ሌሊት አይሰራም፣ ዳገቱ ይሞቃል ሜዳው ይቀዘቅዛል። (በነገራችን ላይ ውሃም እንደዛው ነው፣ እንጦጦ አናት ላይ የወረደ ዝናብ ወደ አዲስ አበባ በኩል ከወረደ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ ወደኛ ከዞረ ደግሞ በሲቢሉ አድርጎ ሙገር፣ ከዛ አባይ። አንድ ጋራ ነው ሁለት ሀገር የሚለያየው።)

አንድ ሰው ደሞ "ሬዲዮ 4 ዲግሪ ነው አለ፣ 4 ዲግሪ ላይ ውርጭ ከየት መጣ" ብሎ ተከራክሮኝ ያውቃል። የሜትሮሎጂ ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ከመሬት ሰው ደረት አካባቢ ከፍ ብሎ ጥላ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሳሩ ላይ ያለው ብርድ ከዛ በብዙ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚ ሬዲዮው አልዋሸም ሳሩም አልዋሸም።

እና ዘንድሮ ምን ሆነ፣ ጋቢው አልተገፈፈም። አስታውሱ እስቲ፣ ህዳር ላይ ስንቴ ደመነብን፣ ስንቴ አካፋብን። ድርቆሽ አጭዳችሁ ሜዳ ላይ ያሰጣችሁ ታውቁታላችሁ። ኤልኒኖ የሚባለውን በሬዲዮ ሰምታችኋል፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መጀመሩን ያወጀው ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ነው። ስሙ ከገና ጋር የተያያዘ ነው፣ ፔሩ ውስጥ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ባህሩ ገና አካባቢ ያለ ወትሮው ሲሞቅባቸው በስፓኒሽ "ሕፃኑ" አሉት፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ለማለት። ከኛ በጣም የራቀ ባህር ነው ግን እሱ ሲሞቅ የኛ ክረምት ዝናብ ይሳሳል፣ በ2007 ክረምት ያየነው ድርቅ ከሱ ጋር የመጣ ነው፣ በጋው ደሞ በተለይ ወደ ደቡብና ምስራቅ ዝናብ ያበዛል። ዘንድሮ ህዳር ላይ ሶማሌ ክልል ጎርፍ ያደረሰውን ሰምታችኋል። እነሱ ጎርፍ ደረሳቸው፣ እኛ ደመናው ደረሰን።

"የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ለማለት የቸኮላችሁ ደሞ ቆይ። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ የአንድ በጋ ነገር የአየር ጠባይ ነው፣ የኔ ሳህን ምስክር ሆና ፍርድ ቤት አትቆምም። ግን ደሞ በዚሁ ወር መጀመሪያ ያ ድርጅት 2023 እነሱ አቆጣጠር እስከዛ ድረስ በመዝገብ ከተያዙት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነው ብሏል፣ ፋብሪካ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት ከነበረው 1.45 ዲግሪ ገደማ በልጦ። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ያዙት እንጂ አንዱን በአንዱ አትዋጡት።

ክላሱ አለቀ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሰው ሁሉ ዘንድሮ ባገኘኝ ቁጥር "ተመስገን ብርዱ አልጠናብንም" ነው የሚለኝ፣ እኔም ተመስገን እላለሁ። ከተራ ለት ታቦት ባደረበት ሜዳ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ ሌላ ጊዜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ እሳት ዙሪያ ነው የሚታየው፣ ዘንድሮ ልጆቹ በሹራብ ብቻ እስኪነጋ ጨፈሩ። ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ ወትሮ ጮኸው የሚሸሹት ሕፃናት ዘንድሮ ካህኑን እየተከተሉ "እኔንም እኔንም" ሲሉ አይቻለሁ። አትሌቶቹም እዚህ ካላችሁ፣ ቀነኒሳ ባሰራው ትራክ ላይ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ያለ ጓንት የሮጣችሁበት ዓመት ነው። ሚኒባስ ሾፌሮች መስታወት ላይ ውሃ በሃይላንድ እየደፉ ውርጭ አልፋቁም። ከሁሉ በላይ ደሞ ቤት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ቀነሰ፣ ይሄን ሳልል አላልፍም፣ ከሰል ደህና ቀልቶ ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፣ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። እራስ ምታት የጀመረው ሰው ተኝቶ እንዲያልፍለት አይጠብቅ፣ ይውጣ።

ግን ብርዱ ስራ ነበረው። ደሞዝ የማንከፍለው ሰራተኛ ነበር፣ ዘንድሮ ሲቀር ነው የለየው።

የወተቱን ነገር ላሳያችሁ። ጎረቤቴ፣ ስማቸውን አልጠራም እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ሁለት የፈረንጅ ላም አሏቸው። ማታ የሚታለበውን ወተት መኪናው የሚወስደው ጠዋት ነው። ወተት ከላም ሲወጣ 38 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ይራባል። ፍሪጅ የለም፣ ቢኖርም መብራት የለም። ታዲያ በምን ኖሩ እስከዛሬ? በውርጭ ነዋ። እቃውን ከቤት ጀርባ በሰሜን በኩል ግድግዳው ስር ያስቀምጡታል፣ ሌሊቱ ይጠብቅላቸዋል። ዘንድሮ ህዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። ተቀባዩ ልጅ ከወተቱ ትንሽ በብርጭቆ ቀዳ፣ እኩል አልኮል ጨመረበት (ወተቱ መበላሸቱ የሚለየው በዚህ ነው)፣ አንዴ ሁለቴ ወዘወዘና ወደ ብርሃን አነሳው። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ነጭ ፍርፍር ተጣብቆ ቀረ፣ በጣም ደቃቅ፣ የሰሞሊና ፍሬ የመሰለ። ልጁ ምንም አላለም፣ ብርጭቆውን ገልብጦ አጠበው፣ ቀና ብሎም አላያቸውም። 14 ሊትር ነበር። ተሸክመን ተመለስን፣ መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገሩም፣ ቤት ስንደርስ "እንግዲህ እርጎ ነው" አሉ።

እርጎውስ ለማን ይሸጣል? ህዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ጿሚው ወተትም እርጎም አይነካም፣ ከተማው ውስጥ ወተት የሚገዛው ሰው ይቀንሳል፣ ገዢው ኮታ ይቆርጣል። በሌላ ዓመት ጾሙና ውርጩ አንድ ላይ ነው የሚመጡት፣ ወተቱ ገበያ ሲያጣ ቢያንስ ብርዱ ያቆየው ነበር፣ አይብም ቅቤም ለማድረግ ፋታ ይሰጣል። ዘንድሮ ጾሙ መጣ ብርዱ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ቅቤው ቶሎ ወጥቷል፣ በብርድ ሲናጥ ክንድ እስኪዝል የሚለፋበት ወተት ዘንድሮ መናጫውን እሳት ዳር ማስጠጋት ሳያስፈልግ ነው የወጣው፣ ግን በጾም ቅቤ ማን ይገዛል፣ ለገና አስቀምጡት እንዳይባል ደሞ እሱም በዚህ ሙቀት መሽተት ይጀምራል።

ሴቶቹ ከሜትሮሎጂ ቀድመው ነው ያወቁት። ሚስቴ ጥቅምት መጨረሻ ላይ "ዘንድሮ ሊጡ ቸኩሏል" አለችኝ፣ በሌላ ዓመት ሦስተኛ ቀን ጠብቃ በብርድ ልብስ ጠቅልላ የምትጋግረው ሊጥ በሁለተኛው ቀን ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶ አገኘችው። የኔ ሳህን ገና ምንም አላወቀችም ያኔ።

ድርቆሹ ሌላ ነው። እዚህ ሀገር ድርቆሽ ማለት ባንክ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ላም ያለው ሁሉ የኛን ሜዳ ነው የሚመግበው። ድርቆሽ ጥሩ የሚሆነው ታጭዶ ቶሎ በደረቀ ጊዜ ነው፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ደረቅ አየር፣ አረንጓዴነቱን ይዞ ይደርቃል። ዘንድሮ የታጨደው ላይ ዘነበ፣ ገለበጡት፣ ደግሞ ዘነበ። ከላይ የደረቀ የመሰለው ክምር እጅ ሲከቱበት ውስጡ ይሞቃል፣ ሲከፈት ደሞ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ይነሳል። ላም ሽታው ስለማይጥማት በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ትተወዋለች። እሱን ለመሸጥ ላዩን በደህናው ሸፍነው የጫኑ አሉ፣ ያው ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሳቃችሁ ግን ተናግሯል።

ባቄላ የዘራ ግን ደስ ብሎታል፣ እሱን አልክድም፣ እሸቱ ሳይመታ ደረሰ። ስንዴ የዘራው ደሞ ጠሉ አልለቅ ብሎት ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ ሲያይ ነበር። አንድ አይነት በጋ ነው ግን እንደየማሳው ይለያያል።

ወባም ተጠይቄ ነበር። እኛ ጋ ገና ነው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ግን በ2014 እነሱ አቆጣጠር ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ቢሾፍቱ ዙሪያና ኮሎምቢያ ውስጥ የተሰራ፣ ሞቅ ባለ ዓመት ወባው ወደ ዳገት ይወጣል ቀዝቀዝ ባለ ዓመት ይወርዳል የሚል። አባቶቻችን ሀገሩን ቆላ ወይና ደጋ ደጋ ብለው ከላይ ያለውን ደሞ "ውርጭ" ብለው ሲከፍሉት ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፣ ምን ይበቅላል ምን ይታመማል የሚለውን አይተው ነው። መስመሩ የት እንዳለ የሚያሳየን ውርጩ ነበር።

ከዚህ በላይ ባወራ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ጥያቄ ካለ ልስማ አልኩ።

አንድ ተማሪ ሱሉልታ ላይ የበዛው መጋዘንና ኮንዶሚኒየም ሌሊቱን አያሞቀውም ወይ አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኮንክሪትና አስፋልት ቀን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ አዲስ አበባ መሀሉ ከዳሩ የሚሞቀው ለዚህ ነው። እዚህ ሳሩ ገና ስለሚበዛ ለዘንድሮው ዋናውን የምሰጠው ለደመናው ነው አልኩት፣ ልጁ ግን የረካ አይመስልም፣ እሱም ደግ ነው።

ከዛ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ሁሉን አስረዳኸን፣ እኔ ታዲያ ወተቴን ምን ላድርገው?"

አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ግን ስጠብቃት የነበረች ጥያቄ ናት። "እትዬ፣ እንደታለበ ወዲያው ሰፊ መዘፍዘፊያ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ያድርጉና እቃውን አንገቱ ድረስ ያስቀምጡት፣ ውሃው ሲሞቅ ይቀይሩት፣ መጀመሪያዋ ሰዓት ናት ወሳኟ። ከዛ ጆንያ በውሃ ነክረው ያልብሱትና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ያውጡት። ውሃው ከጆንያው ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ሲደርቅ ነው በደንብ የሚሰራው፣ ደመናማ ሌሊት ላይ ትንሽ ይለግማል፣ ያኔ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። የማታውን ከጠዋቱ ጋር ደሞ አይቀላቅሉት፣ አንዱ አንዱን ያበላሻል።"

ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ጆንያውንማ እናቴም ታደርገው ነበር" አሉ። "እኔ ይሄን ሁሉ ተምሮ ፍሪጅ ይገዛልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።"

ቡና ቀርቧል ተባለና ተነሳን።